ድራይቩ ቢሞት ዲስኩ አይሙት፦ የላፕቶፕን የዲስክ ድራይቭ «ኦሪጅናል ባልሆነ» ስለመተካት

በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከሚቀመጡት የመመረቂያ ጽሑፎች መካከል በኋላ ሽፋናቸው ላይ ሲዲ የተለጠፈባቸው አሉ። ጽሑፉ በወረቀት ታትሞ ቢቀርም የጥናቱ ጥሬ መረጃ፣ ሰፋፊ ሠንጠረዦቹና ፎቶግራፎቹ የሚገኙት በዚያ ዲስክ ላይ ነው። በየቤቱም እንዲሁ የሠርግ፣ የክርስትናና የምረቃ ቀን ምስሎች፣ ከባሕር ማዶ ዘመድ ያመጣቸው ፊልሞች፣ በአንድ ወቅት በብዙ ድካም የተሰበሰቡ መዝሙሮችና ዘፈኖች በሲዲና በዲቪዲ ላይ ተቀርጸው በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ይሁን እንጂ ዲስክ ብቻውን የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ በላዩ ያለውን የሚያነብለት መሣሪያ ይሻል። ይህ መሣሪያ፣ በተለምዶ ድራይቭ የምንለው፣ ከላፕቶፕ ኮምፒዩተሮች እየጠፋ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 አፕል ኩባንያ ማክቡክ ኤር የተሰኘውን ስስ ላፕቶፕ ያለ ድራይቭ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ሌሎች አምራቾችም ቀስ በቀስ ተከተሉ። ዛሬ ከሚሸጡት አዳዲስ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ድራይቭ የላቸውም። በመሆኑም ድራይቭ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ፣ ያረጀ ቢመስልም፣ ለብዙ ቤተሰብና ለብዙ ተመራማሪ ያለፈውን ዘመን መዝገብ የሚከፍት ቁልፍ ሆኗል።

ይህ ቁልፍ ሲሰበር ባለቤቱ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ያመራል። በዚያም ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ኦሪጅናሉ የለም፤ የሚሠራ ሌላ ግን አለ» የሚል ነው። ይህን «ሌላ» መቀበል ይገባል? በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው፣ ድራይቩ ላይ የተለጠፈው የኩባንያ ስም ከምናስበው እጅግ ያነሰ ዋጋ እንዳለውና በምትኩ ልንመረምራቸው የሚገቡ ጥቂት በመለኪያ የሚታወቁ ነገሮች እንዳሉ ነው።

በቅድሚያ ሕመሙን መለየት

ዲስክ አላነብም ያለ ድራይቭ ሁሉ የሞተ አይደለም። ስለሆነም ገንዘብ ከማውጣት በፊት ችግሩ የት እንዳለ መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ነው። ላፕቶፑ ሲነሳ ወደ ባዮስ ገጽ ገብተን ድራይቩ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን እንመልከት። ባዮስ ድራይቩን እያየው ዊንዶውስ የማያሳየን ከሆነ ችግሩ የሶፍትዌር ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ አንዳንድ የሲዲ መቅጃ ፕሮግራሞች በዊንዶውስ ሪጅስትሪ ውስጥ «አፐር ፊልተርስ» እና «ሎወር ፊልተርስ» በሚባሉ ስሞች የሚተዉት መረጃ ሲበላሽ፣ ጤናማው ድራይቭ ከ«ማይ ኮምፒዩተር» ውስጥ ይሰወራል። እንዲህ ያለውን ችግር አዲስ ድራይቭ መግዛት አይፈታውም።

ሁለተኛው ፈተና የተለያዩ ዲስኮችን መሞከር ነው። ድራይቩ ሲዲ እያነበበ ዲቪዲን የማያነብ ከሆነ፣ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ምክንያቱም ለሁለቱ የሚያገለግሉት የሌዘር ጨረሮች የተለያዩ ናቸው። ከፋብሪካ ታትመው የወጡትን ዲስኮች አንብቦ በቤት የተቀረጹትን የማያነብ ከሆነ ደግሞ የሌዘሩ ጉልበት መድከሙን ወይም ሌንሱ በአቧራ መሸፈኑን እንጠረጥራለን። ሲዲ ሮም የሚደርስበትን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ሲያንጸባርቅ፣ ደጋግሞ የሚጻፍበት የሲዲ ዓይነት የሚመልሰው ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን ብቻ ነው። የደከመ ዓይን ደማቁን አይቶ ፈዛዛውን እንደሚስት ሁሉ ድራይቩም እንዲሁ ይሆናል።

አቧራን ማስወገድ ብዙ ወጪ የለውም። ላፕቶፑን ካጠፋን በኋላ የዲስኩን ማስቀመጫ ስበን በማውጣት፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል በትንሹ በረጠበ ጥጥ ሌንሷን ሳይጫኑ በስሱ መጥረግ ነው። ማስቀመጫው አልከፈት ካለ ከፊቱ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ የተዘረጋ የወረቀት አግራፍ ማስገባት ይለቀዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ለውጥ ከሌለ ወደ መተካቱ እንሄዳለን።

በዚያች ስስ ሣጥን ውስጥ ምን አለ?

የምንተካውን ነገር ለመምረጥ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ፊሊፕስና ሶኒ በጋራ ያበለጸጉት ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ሲቀርብ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር፣ የክቡ ስፋት 12 ሴንቲ ሜትር ነበር። መረጃው በጥቃቅን ጎድጓዳ ነጥቦች መልክ ከመካከል ወደ ዳር በሚዞር አንድ መስመር ላይ ተጽፏል። በመስመሩ ዙሮች መካከል ያለው ርቀት 1.6 ማይክሮሜትር ብቻ ሲሆን፣ የሙሉ ሲዲ መስመር ቢተረተር ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል።

ድራይቩ ይህን የሚያነብበት የሌዘር ጨረር የሞገድ ርዝመት 780 ናኖሜትር ነው። ለዲቪዲ ግን 650 ናኖሜትር፣ ለብሉ ሬይ ደግሞ 405 ናኖሜትር ያስፈልጋል። የሞገዱ ርዝመት ባጠረ መጠን ጨረሩን ወደ አነስተኛ ነጥብ መሰብሰብ ይቻላል፤ ነጥቡ ሲያንስም በዚያው ዲስክ ላይ ብዙ መረጃ ይጻፋል። 700 ሜጋባይት የሚይዘው ሲዲ፣ 4.7 ጊጋባይት የሚይዘው ዲቪዲና 25 ጊጋባይት የሚይዘው ብሉ ሬይ በመጠን አንድ ሆነው በይዘት የተራራቁት በዋናነት በዚህ ሕግ ነው። የዲቪዲ ድራይቭ ሲዲንም የሚያነበው ሁለቱንም ጨረሮች በአንድነት ስለያዘ ነው። ስለዚህም አንደኛው ሲሞት ሌላው ሊተርፍ ይችላል።

የሚያስደንቀው ግን የሜካኒካው ክፍል ነው። ሌንሷ በማግኔትና በሽቦ ጥቅል ታግዛ፣ የሚሽከረከረው ዲስክ ከፍ ዝቅ ሲል አብራው ከፍ ዝቅ ትላለች፤ ትኩረቷንም በጥቂት ማይክሮሜትር ልዩነት ውስጥ ጠብቃ ትቆያለች። የፍጥነቱን መጠን እናስላው። በሲዲ ደንበኛ ፍጥነት መስመሩ ከሌንሷ በላይ በሰኮንድ 1.3 ሜትር ያህል ይጓዛል። በላፕቶፕ ድራይቮች ዘንድ የተለመደው ከፍተኛ ፍጥነት የዚህ 24 እጥፍ ሲሆን፣ ይህም በሰኮንድ 31 ሜትር ገደማ ነው። የመረጃው መስመር ጫፍ ከዲስኩ መካከል 5.8 ሴንቲ ሜትር ይርቃልና ሲሰላ በደቂቃ ከ5,000 ዙር በላይ ይሆናል። ስንጥቅ ያለበትን ዲስክ በምንም ምክንያት ወደ ድራይቭ ማስገባት የማይገባውም ለዚህ ነው፤ በዚህ ፍጥነት ሊፈነዳና አዲሱን ድራይቭም ይዞት ሊሄድ ይችላል።

«ኦሪጅናል» ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው የዴል ላፕቶፕ ድራይቭ በዴል፣ የኤችፒ በኤችፒ የተሠራ ይመስለዋል። እውነታው ሌላ ነው። የላፕቶፕ ኩባንያዎች በጥቅሉ ድራይቮቻቸውን ከጥቂት ልዩ አምራቾች ይገዙ ነበር። ከእነዚህም መካከል ሂታቺና ኤልጂ በጋራ ያቋቋሙት ኩባንያ፣ የቶሺባና የሳምሰንግ የጋራ ኩባንያ፣ ፓናሶኒክ፣ እንዲሁም ሶኒና ኤንኢሲ የመሠረቱት ኦፕቲአርክ ይገኙበታል። አንዱ አምራች ያወጣው አንድ ዓይነት ድራይቭ በሦስት የተለያዩ ኩባንያዎች ላፕቶፖች ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ልዩነቱ በተለጠፈው ወረቀት፣ በፊት ሽፋኑ ቅርጽና በውስጡ በተጫነው ቋሚ ሶፍትዌር፣ ማለትም በ«ፈርምዌሩ»፣ ላይ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ «ኦሪጅናል ያልሆነ» የሚለው አጠራር ሁለት እጅግ የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ይከታል። የመጀመሪያው ከታወቀ አምራች ወጥቶ የላፕቶፑ ኩባንያ ስም ያልተለጠፈበት ድራይቭ ነው። ሁለተኛው ከሌላ ላፕቶፕ ተፈትቶ፣ ተጠራርጎና አዲስ ወረቀት ተለጥፎበት እንደ አዲስ የሚሸጥ ያገለገለ ድራይቭ ነው። የመጀመሪያውን የሚያስፈራ ነገር የለውም። ሁለተኛው ግን «ኦሪጅናል» የሚል ወረቀት ቢለጠፍበትም የሌዘሩ ዕድሜ ሊያልቅ የተቃረበ ሊሆን ይችላል። ከወረቀቱ ይልቅ ነገሩን መመርመር የሚሻለው ለዚህ ነው።

አራቱ መመዘኛዎች

አንደኛው ቁመት ነው። የላፕቶፕ ድራይቮች በአብዛኛው 12.7 ወይም 9.5 ሚሊ ሜትር ቁመት አላቸው። ባለ 12.7ቱ ለ9.5 በተሠራ ቦታ ፈጽሞ አይገባም። ባለ 9.5ቱ ግን በሰፊው ቦታ ሊገባ ይችላል፤ ሆኖም የሚቀረው የ3.2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካልተደገፈ ድራይቩ ይወዛወዛል፤ ማያያዣውም ይላላል። ከመግዛት በፊት አሮጌውን አውጥቶ በማስመሪያ መለካት ይበቃል። «መጥኖ መደቆስ» የሚለው የእናቶቻችን ምክር ለኮምፒዩተር መለዋወጫም ይሠራል።

ሁለተኛው ማያያዣው ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2007 እና 2008 ገደማ በተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ውስጥ የምናገኘው 50 ፒን ያለውን «ፓታ» የተባለውን ማያያዣ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የመጡት «ሳታ»ን ይጠቀማሉ። የላፕቶፕ ድራይቭ የሳታ ማያያዣ ለመረጃ 7፣ ለኤሌክትሪክ ኃይል 6 ንክኪዎች አሉት። የሚቀበለውም ኃይል 5 ቮልት ብቻ ነው። በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ድራይቮች ላይ ያለው የኃይል ማያያዣ 15 ንክኪዎች ስላሉት ከዚህ ጋር አይገጥምም። ፓታና ሳታም በመልክ ስለሚለያዩ ሁለቱን ድራይቮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ጀርባቸውን ማየት ስሕተትን ያስቀራል።

ሦስተኛው የሚግባቡበት ቋንቋ ነው። ኮምፒዩተሩ «ይህን ክፍል አንብብ»፣ «ማስቀመጫውን ክፈት» እያለ የሚያዝበት የትእዛዝ ስብስብ ለአምራቾች ሁሉ አንድ ወጥ ሆኖ የተደነገገ ነው። ዊንዶውስም ሆነ ሊነክስ ከየትኛውም አምራች የመጣን ድራይቭ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር የሚያውቁት ለዚህ ነው። ጥንቃቄ የሚሻው የፓታ ድራይቭ ነው። በአንድ መስመር ሁለት መሣሪያዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ አንዱ «ማስተር»፣ ሌላው «ስሌቭ» ሆኖ መመደብ አለበት። በላፕቶፕ ድራይቭ ላይ ግን ይህን የምናስተካክልበት ማብሪያ ብዙ ጊዜ የለም፤ ምደባው በፈርምዌሩ ውስጥ ተወስኖ ይመጣል። ምደባው ከላፕቶፑ ጋር ካልተስማማ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ የስሕተት መልእክት ያሳያል፤ አለዚያም ድራይቩን ጭራሽ አያየውም። እንዲህ ሲሆን ድራይቩ ተበላሽቷል ብለን ከመፍረድ በፊት ምደባው የሚስማማ ሌላ መሞከር ይገባል። በሳታ ይህ ችግር የለም።

አራተኛው የፊት ሽፋኑ ነው። የላፕቶፖች ጎን ቀጥ ያለ፣ የጎበጠ ወይም ያዘነበለ ስለሆነ የአዲሱ ድራይቭ ሽፋን ላይገጥም ይችላል። ደግነቱ ሽፋኑ በትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች የተያዘ በመሆኑ የአሮጌውን አውልቆ በአዲሱ ላይ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይቻላል። መክፈቻ ቁልፉ በሁለቱ ላይ በአንድ ቦታ መሆኑን ግን አስቀድሞ ማየት ያሻል።

ከአሜሪካ የመጣው ፊልም ለምን አልከፈት አለ?

ሰዎች ድራይቭ ከለወጡ በኋላ ከሚገጥሟቸው ግራ የሚያጋቡ ነገሮች አንዱ፣ የቤት ዲስኮች ሁሉ እየሠሩ ከውጭ የመጣ የፊልም ዲቪዲ አልከፈት ማለቱ ነው። የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን በክልል ከፋፍለው ለየክልሉ ቁጥር ሰጥተዋል። አሜሪካና ካናዳ ክልል 1፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ ክልል 2 ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሕንድና ከሩሲያ ጋር በክልል 5 ውስጥ ትገኛለች። ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ በተሠሩ የኮምፒዩተር ድራይቮች ላይ ይህ ቁጥር የሚቀመጠው በድራይቩ በራሱ ውስጥ ነው። ባለቤቱም ቁጥሩን ሊቀይር የሚችለው አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከአምስተኛው በኋላ ይቆለፋል።

በመሆኑም ያገለገለ ድራይቭ የገዛ ሰው የቀድሞው ባለቤት የቀየረውን ቁጥርም ወርሶ ይወስዳል። በዊንዶውስ ውስጥ የድራይቩን ባሕርይ በሚያሳየው መስኮት «የዲቪዲ ክልል» የሚለውን ክፍል ከፍቶ ስንት ለውጥ እንደቀረ ማየት ይቻላል። ላፕቶፕ ላይ አስገጥሞ ይህን ሳያዩ አለመግዛት ብልህነት ነው። በቤት የተቀረጹ ዲስኮች፣ የመረጃ ሲዲዎችና የሙዚቃ ሲዲዎች ግን የክልል ቁጥር ስለሌለባቸው ይህ አይነካቸውም።

አፈታትና አገጣጠም

ሥራው ራሱ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። ላፕቶፑን አጥፍተን ቻርጀሩን እንነቅላለን፤ ባትሪውንም እናወጣለን። በብዙ ላፕቶፖች ድራይቩን የሚይዘው ከሥር ያለ አንድ ብሎን ሲሆን፣ አጠገቡ የዲስክ ምልክት ተስሎ ሊገኝ ይችላል። ቲንክፓድን በመሳሰሉ አንዳንድ ላፕቶፖች ደግሞ ብሎን ሳያስፈልግ በመግፊያ የሚለቀቅ ነው። ብሎኑን በትክክለኛ መጠን ባለው ካቻቢቴ ከፈታን በኋላ ድራይቩን ቀጥ አድርገን ወደ ውጭ እንስበዋለን። በኃይል መነቅነቅ የማዘርቦርዱን ማያያዣ ሊሰብር ይችላልና አይገባም።

ቀጥሎ ከአሮጌው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ብረት ፈትተን ወደ አዲሱ እናዛውራለን። አዲስ ድራይቭ ብዙ ጊዜ ያለዚህች ብረት ይመጣል፤ አሮጌውን ለሻጭ አስረክቦ መሄድም እርሷን አብሮ ማጣት ነው። ሽፋኑን ከቀየርን በኋላ አዲሱን ቀስ ብለን እስኪገጥም እናስገባዋለን፤ ብሎኑንም እናጠብቃለን። ከዚያ በባዮስ መታየቱን፣ ቀጥሎም ሲዲ፣ ዲቪዲና በቤት የተቀረጸ ዲስክ ማንበቡን በየተራ እንፈትሻለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። የድራይቩን የብረት ክዳን ከፍቶ እየሠራ ሳለ ወደ ሌንሱ መመልከት አደገኛ ነው። የ780 ናኖሜትር ጨረር ለዓይናችን የማይታይ ያህል ደብዛዛ ቢሆንም ጉልበቱ ግን ደብዛዛ አይደለም፤ ዲስክ የሚቀርጹ ድራይቮች ሌዘር ደግሞ ከዚህ የበረታ ነው።

ሌሎች አማራጮች

ተስማሚ ድራይቭ ያጣ ሰው በዩኤስቢ የሚሠራ የውጭ ድራይቭ ሊጠቀም ይችላል። እዚህ ላይ የኃይሉን ሒሳብ ማስተዋል ይገባል። የዩኤስቢ 2.0 ማስገቢያ የሚሰጠው በ5 ቮልት 500 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ነው። 1.5 አምፔር የሚል የተጻፈበት የላፕቶፕ ድራይቭ ግን ከባድ ሥራ ላይ ሲሆን እስከ 7.5 ዋት ሊሻ ይችላል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣን ድራይቭ በርካሽ የዩኤስቢ ሣጥን ውስጥ ከትቶ የሚጠቀም ሰው፣ ዲስኩ መሽከርከር ጀምሮ ሲቆም የሚያየው በዚህ የኃይል እጥረት ሊሆን ይችላል። ሁለት መሰኪያ ያለው ገመድ የተፈለሰፈው ይህን ለማቃለል ነው።

አንዳንዶች ድራይቩን ጨርሰው አውጥተው በቦታው ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ የሚይዝ መያዣ ያስገባሉ። ይህ ላፕቶፑን ያጎለብተዋል፤ ነገር ግን በቤታቸው ያልተገለበጠ ዲስክ ያላቸው ሰዎች ከዚህ በፊት ደጋግመው እንዲያስቡ እንመክራለን።

ድራይቩ ከተተካ በኋላ

አዲሱ ድራይቭም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ሌዘሩ ይደክማል፤ ዲስኮቹም ያረጃሉ። በተለይ በቤት የተቀረጹ ዲስኮች መረጃውን የሚይዙት ለሙቀትና ለብርሃን በሚሳሳ ቀለም ላይ ነው። በሲዲ ላይ ደግሞ መረጃው የሚገኘው ስም በምንጽፍበት ገጽ ሥር፣ በስስ ሽፋን ብቻ ተከልሎ ነው፤ በሹል እስክሪብቶ ተጭኖ መጻፍ መረጃውን መጫር ይሆናል።

ስለዚህ ድራይቩ ሥራ የጀመረ ዕለት በመጀመሪያ መከናወን ያለበት ዲስኮቹን መገልበጥ ነው። ቅድሚያ በቤት ለተቀረጹትና ሌላ ቅጂ ለሌላቸው ይሰጥ፤ ከፋብሪካ የታተሙት ጥቂት ሊቆዩ ይችላሉ። የተገለበጠው በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ይቀመጥ፤ ሁለቱም በአንድ ቤት ባይሆኑ ይመረጣል። በቤተ መጻሕፍትና በትምህርት ክፍሎች ያሉ ወገኖቻችንም ከመመረቂያ ጽሑፎች ጀርባ የተለጠፉትን ዲስኮች ድራይቭ በገበያ ላይ በሚገኝበት በዚህ ጊዜ እንዲገለብጡ እናሳስባለን። አንድ ተማሪ ወራት ፈጅቶ የሰበሰበው መረጃ ተመልሶ የሚሰበሰብ ላይሆን ይችላል፤ የሚያስፈልገው ድራይቭ ደግሞ ቁመቱና ማያያዣው ተለክቶ የተገዛ፣ ስሙ ያልታወቀም ቢሆን የሚያነብ ድራይቭ ነው።